መጠጥን መተው በመሐላ፣ ትቶ መቆየት በማኅበር

አንዲት የሦስት ልጆች እናት ስማቸው እንዳይጠቀስ አደራ ብለው ለዚህ ዓምድ የላኩት ደብዳቤ የብዙ ቤቶችን ምሥጢር የያዘ በመሆኑ፣ በዛሬው ጽሑፋችን መልስ ልንሰጥበት ወደድን። ባለቤታቸው በሙያቸው የተመሰገኑ አናጢ ናቸው። ይሁንና የሠሩበትን ገንዘብ ይዘው ቤት ከመድረሳቸው በፊት መንገድ ላይ ያለው አረቄ ቤት ይቀበላቸዋል። ሁለት ጊዜ ምለው ነበር። መጀመሪያ በሟች እናታቸው ስም ማሉና ሁለት ወር ያህል ቆዩ። በሁለተኛው ጠበል ገብተው፣ ተገዝተው ወጡና ዐቢይ ጾምን በሙሉ አንድ መለኪያ ሳይቀምሱ ዘለቁ። በፋሲካ ማግሥት ግን ጎረቤት ቤት ተጠርተው ሳለ «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!» ተባሉ። ያቺ አንዲት ብርጭቆ እስከ ዛሬ አላበቃችም።

«አሁን ደግሞ» ይላሉ ጸሓፊዋ፣ «መጠጥ ለመተው የሚፈልጉ ሰዎች ተሰብስበው የሚረዳዱበት ማኅበር አለ ሲባል እሰማለሁ። ጠጪ ከጠጪ ጋር ተሰብስቦ ምን ሊጠቃቀም ይችላል? እንዲህ ያለው ማኅበርስ የት ይገኛል? ባለቤቴ አልሄድም ቢሉኝስ እኔ ምን ላድርግ?» ሦስቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። እንደ አመጣጣቸው እንመልሳለን።

ጠጪ ከጠጪ ጋር ምን ይጠቃቀማል?

በቅድሚያ አንድ ነገር መታወቅ ይኖርበታል። መጠጥ የለመደ ሰው ሁሉ ዋልጌ ወይም ቤተሰቡን የማይወድ አይደለም። ለረዥም ጊዜ አዘውትሮ የጠጣ ሰው አንጎሉና ነርቮቹ ከአልኮል ጋር ተላምደው ስለሚኖሩ፣ መጠጡ ሲቀርበት እንቅልፍ ያጣል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ይጨነቃል፤ በትንሹም በትልቁም ይቆጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የአልኮል ጥገኝነትን ከበሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስፍሮታል። ይኸው ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2019 በመላው ዓለም 2.6 ሚሊዮን ሰዎች በአልኮል ምክንያት እንደ ሞቱ ገልጿል። ስለዚህ ነገሩ የጸባይ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው።

መሐላ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። መሐላም ሆነ ጠበል አንድን ሰው ከብርጭቆው ሊያላቅቀው ይችላል፤ ብዙዎችም በዚህ መንገድ ጀምረዋል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የማለው ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚጠብቀው ያው መንገድ፣ ያው የደመወዝ ቀን፣ ያው የለቅሶ ድንኳን፣ ያው ጓደኛ ነው። አምሮቱ ሲነሣበት ለማን ይናገራል? ለሚስቱ እንዳይነግር «ገና መሐላህ ሳይደርቅ!» ትለኛለች ብሎ ያፍራል። ለድሮ ጓደኞቹ ቢነግር መልሳቸው መቅዳት ነው። ለንስሐ አባቱ እንዳይናገር ግዝቱን ያፈረሰ ይመስለዋል። ስለዚህ ዝም ይላል። ዝም ያለ ሰው ደግሞ ከአምሮቱ ጋር ብቻውን ይቀራል። መተው የአንድ ቀን ውሳኔ ሲሆን፣ ትቶ መቆየት ግን የየዕለት ሥራ ነው። የየዕለት ሥራ ደግሞ ረዳት ይፈልጋል።

ይህን እውነት በግልጽ ያሳየው በ1935 በአሜሪካ የተፈጸመ ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ በመጠጥ የተነሣ ሥራውንና ጤናውን ካበላሸ በኋላ መጠጥ ካቆመ ገና አምስት ወር ያህል ሆኖት ነበር። በሜይ ወር ለንግድ ጉዳይ በኦሃዮ ወደምትገኘው አክረን ከተማ ሄደ። ንግዱ ሳይሳካ ቀረ። ባረፈበት ሆቴል አዳራሽ በአንድ በኩል ሰው የሚሳሳቅበት መጠጥ ቤት፣ በሌላ በኩል ስልክ ነበር። ቢል ወደ መጠጥ ቤቱ መግባቱን ትቶ ወደ ስልኩ ሄደና ለከተማው የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች እየደወለ እንደ እርሱ ከመጠጥ ጋር ከሚታገል ሰው ጋር እንዲያገናኙት ለመነ።

ፍለጋው ቦብ ስሚዝ ከተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር አገናኘው። ዶክተሩ ከሩብ ሰዓት በላይ አልቆይም ብሎ መጣ፤ ጨዋታው ግን ለብዙ ሰዓታት ቀጠለ። የመጠጥን ጉዳት ለሐኪም የሚያስተምረው አያስፈልግም ነበር። ያልሰማው ነገር ቢኖር እዚያው ጉድጓድ ገብቶ የወጣ ሰው ቃል ነው። ዶክተር ቦብ የመጨረሻውን መጠጥ የጠጣበት ጁን 10 ቀን 1935፣ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር የተመሠረተበት ቀን ሆኖ ይቆጠራል። ትርጉሙ «ስማቸውን የማይገልጹ የአልኮል ጥገኞች» እንደ ማለት ነው። በ1939 ማኅበሩ 12 የመላቀቂያ እርምጃዎችን የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ ስብሰባዎቹ 180 ያህል በሚሆኑ አገሮች ይካሄዳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ቢል ስልክ የደወለው ሌላውን ለማዳን ብቻ አልነበረም፤ እርሱ ራሱ በዚያች ምሽት እንዳይጠጣ ነው። የማኅበሩ ምሥጢር ይኸው ነው። የቆየው ለአዲሱ ሲናገር የራሱን የመጀመሪያ ቀን ያስታውሳል፤ አዲሱ ደግሞ የቆየውን ሲያይ «ለካ ይቻላል» ይላል። ጠጪ ከጠጪ ጋር የሚጠቃቀመው እንዲህ ነው።

ለአገራችን ሰው ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። እድር የተቋቋመው ኀዘንን አንድ ቤት ብቻውን ስለማይችለው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንዲሉ፣ የመጠጥም ሸክም ሲካፈሉት ይቀልላል።

በጥናት ረገድም ቢሆን ማስረጃው ቀላል አይደለም። የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመረምረው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2020 በ10,565 ሰዎች ላይ የተደረጉ 27 ጥናቶችን አገናዝቦ ነበር። ሰዎችን ወደነዚህ ስብሰባዎች በሥርዓት የሚመራ ሕክምና ከሌሎች የታወቁ የሕክምና ዘዴዎች ይበልጥ ሰዎች ፈጽሞ ሳይጠጡ እንዲቆዩ እንደሚረዳ አረጋግጧል። ይህ ማለት ግን ስብሰባው ለሁሉም ሰው በእኩል ይሠራል ማለት አይደለም።

ከስብሰባው በፊት ሐኪም

አንድ ሰው የመጠጥ ጥገኛ መሆን አለመሆኑን ለመገመት ሐኪሞች የሚጠቀሙባቸው አራት ቀላል ጥያቄዎች አሉ። መጠጥ መቀነስ አለብኝ ብሎ አስቦ ያውቃል? ሰዎች ስለ መጠጡ ሲናገሩት ይናደዳል? በመጠጣቱ ጸጸት ተሰምቶት ያውቃል? ጧት እንደ ተነሣ እጁን ለማርጋት ወይም ዞረ ድምሩን ለመስበር ይጠጣል? ከአራቱ ለሁለቱ «አዎ» ብሎ የመለሰ ሰው ነገሩን በቸልታ ሊያልፈው አይገባም። በተለይ ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ ሰውየው ወደ ሐኪም መሄድ ያለበት መጠጡን ከማቆሙ በፊት ነው።

ምክንያቱም በየዕለቱ ብዙ አረቄ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ለሕይወቱ ሊያሰጋው ይችላል። መንቀጥቀጡና ላቡ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊከተል ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አንዳንዱ ይቃዣል፤ የሌለ ነገር ያያል፤ ያለበት ቦታ ይጠፋዋል፤ ትኩሳት ይይዘዋል። ይህን ሲያዩ «ርኩስ መንፈስ ነው» ብለው በሽተኛውን አስረው የሚያስቀምጡ ቤተሰቦች አሉ። ነገሩ ግን ካልታከመ ሊገድል የሚችል ሕመም ስለሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ጭንቀቱንና መንፈራገጡን የሚያስታግሥ መድኃኒት እንዲሁም አንጎልን ከጉዳት የሚጠብቅ ቫይታሚን ቢ አንድ ያዝለታል። ጠበል የሚሄድም ቢሆን ይህን ለሐኪሙ ቢነግር፣ መድኃኒቱንም ባያቋርጥ ይበጀዋል። ስብሰባ የሐኪም ምትክ አይደለም፤ ሐኪምም የስብሰባ ምትክ አይደለም። አንዱ ሰውነትን ከመርዙ ሲያጸዳ ሌላው ኑሮን ያቃናል።

ማኅበሩ የት ይገኛል?

እንዲህ ያለው ስብሰባ በአገራችን በየሠፈሩ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ ፍለጋ ይጠይቃል። ፍለጋውን ከዚህ እንደሚከተለው ማካሄድ ይቻላል።

አንደኛ፣ ከሕክምና ተቋም ይጀመር። አዲስ አበባ ያለ ሰው በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ማግኘት ይችላል። በክልል ከተሞች የሚኖር ደግሞ በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል ሄዶ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ወይም የአእምሮ ሕክምና ነርስ ይጠይቅ። የሚጠየቀው ጥያቄ ሁለት ነው። «ታክመው ከመጠጥ የተላቀቁ ሰዎች የሚገናኙበት ቡድን አለ ወይ?» ከሌለም፣ «ከታከሙት መካከል ከእኛ ሰው ጋር ለመነጋገር ፈቃደኛ የሚሆን አንድ ሰው ጠይቃችሁ ልታገናኙን ትችላላችሁ ወይ?» ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ቢል ዊልሰን ከሆቴሉ ሆኖ በስልክ የጠየቀው ነው።

ሁለተኛ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ በኩል ይጠየቅ። የንስሐ አባቶችና የመስጊድ አባቶች በአካባቢያቸው ከመጠጥ የተመለሱትን ሰዎች ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ። ስማቸውን እንዲሰጡ ሳይሆን መልእክት እንዲያደርሱላቸው ቢለመኑ ምሥጢሩ ይጠበቃል።

ሦስተኛ፣ በስልክና በኢንተርኔት መገናኘት ይቻላል። የኮሮና ወረርሽኝ በ2020 መሰብሰብን ካስከለከለ ወዲህ በስልክና በቪዲዮ የሚካሄዱ ስብሰባዎች በጣም በዝተዋል። ቋንቋ ለሚያውቅና ኢንተርኔት ለሚያገኝ ሰው ይህ አንዱ በር ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ነገሩ ይቀልላቸዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተንና በአካባቢዋ ስብሰባ የማይካሄድበት ቀን የለም፤ ብዙውም የሚካሄደው በአብያተ ክርስቲያናት ክፍሎች ነው። እዚያ ያለውን ሰው የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ «የአገሬ ሰው ቢያየኝስ?» የሚለው ሐሳብ ነው። የሚያየው የአገሩ ሰው ግን እዚያ የመጣው በዚያው ችግር ምክንያት መሆኑን መርሳት አይገባም።

አራተኛ፣ ማኅበር ካልተገኘ ማኅበር ይመሥረት። በአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ደንብ መሠረት ላለመጠጣት ብለው የተገናኙ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ቡድን ነን ለማለት ይችላሉ። ጽሕፈት ቤት፣ ማኅተም፣ ሊቀ መንበር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቀኑና ሰዓቱ የማይለወጥ ቀጠሮ፣ መጠጥ የማይሸጥበት ጸጥ ያለ ቦታ፣ ሻይና ጥቂት ወንበር ነው። የትምህርት ቤት ክፍል ወይም የእድር ቤት ይበቃል። ደንቡም ሦስት ነው፤ እያንዳንዱ የሚናገረው ስለ ራሱ ብቻ ነው፤ እዚያ የተሰማ እዚያው ይቀራል፤ ማንም ለመግባት አይከፍልም።

በፍለጋው ጊዜ ጥንቃቄም ያሻል። ለስብሰባ ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍል፣ «በአንድ ቀን እናስተውዎታለን» ብሎ የማይታወቅ መድኃኒት የሚሸጥ፣ ወይም ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ተዉ የሚል ሰው ሲያጋጥም ትቶ መሄድ ይሻላል።

የመጀመሪያው ቀን

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ስብሰባ የሚሄድን ሰው የሚያስጨንቁት ማን ያየኛል፣ ምን እናገራለሁ የሚሉት ናቸው። በአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ሥርዓት የሚካሄድ ስብሰባ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የሚመጣው ሰው የራሱን ስም ብቻ ይናገራል፤ የአባት ስም፣ የሥራ ቦታ፣ የቀበሌ አድራሻ የሚጠይቀው የለም። ለመግባት የሚያስፈልገው መጠጥ የመተው ፍላጎት ብቻ ነው። አንዳንዱ ስብሰባ ለማንም ክፍት ሲሆን፣ አንዳንዱ ለጠጪዎቹ ብቻ የተዘጋ ነው። ስለዚህ ሚስት ወይም ወንድም አብሮ መግባት ቢፈልግ አስቀድሞ የትኛው መሆኑን መጠየቅ አለበት።

ንግግሩ በተራ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ አይመክርም፤ አይገሥጽም። ተራው የደረሰው ሰው መናገር ካልፈለገ «ዛሬ ለመስማት ነው የመጣሁት» ቢል ማንም አያስገድደውም። በመጨረሻ ለቤት ኪራይና ለሻይ የሚሆን መዋጮ ይሰበሰባል፤ ይህም በፈቃድ ነው። እርምጃዎቹ የፈጣሪን ስም ያነሣሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ በገዛ እምነቱ እንዲረዳው ስለሚተው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎን ለጎን ይቀመጣል።

አዲስ የመጣው ሰው ጥቂት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ፣ ከቆዩት መካከል አንድ የቅርብ ረዳት እንዲመርጥ ይመከራል። ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት መሆኑ ይመረጣል። የረዳቱ ሥራ አምሮት ሲነሣ ስልክ ማንሣት ነው። የመሐላው ሰው ያጣው ይህንን ነበር። «እስከ ዕድሜ ልኬ አልጠጣም» የሚለው ቃል ለሚከብደው ሰውም ስብሰባው ቀለል ያለ መንገድ ያሳየዋል፤ ዛሬን ብቻ አልጠጣም ይላል፤ ነገ ሲመጣ ያንኑ ይደግመዋል።

አንድ ጊዜ ሄዶ «አልጣመኝም» ብሎ መቅረት ተገቢ አይደለም። ስብሰባ በብዛት ባለበት አገር አዲስ ሰው በ90 ቀን 90 ስብሰባ እንዲሄድ ይመከራል። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ በሚገኝበት ቦታ ደግሞ ያቺን ቀን አለማጓደል ነው። ቢወድቅም ተመልሶ ይሂድ። የሚያባርረው የለም፤ ቀኑን እንደ ገና ከአንድ ብሎ ይቆጥራል።

አልሄድም ቢሉስ?

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ደረስን። የቢል ዊልሰን ባለቤት ሎይስ ባሏ መጠጥ ከተወ በኋላ አንድ ቀን ወደ ስብሰባ ፈጠን በይ ሲላት ተናድዳ ጫማዋን ወረወረችበት። በራሷም ንዴት ተደነቀች። ለብዙ ዓመታት የጸለየችለት ነገር ተፈጽሞ ሳለ ለምን ተናደደች? ነገሩን ስታስበው፣ የባሏ መጠጥ እርሷንም እንዳሳመማት፣ ኑሮዋ ሁሉ እርሱን በመጠበቅና በመከታተል አልቆ እንደ ነበር ተረዳች። ከዚያ ወዲህ የጠጪ ሚስቶች በየቦታው መገናኘት ጀመሩ። በ1951 ሎይስና አንዲት ጓደኛዋ አል-አኖን የተባለውን የጠጪ ቤተሰቦች ማኅበር አቋቋሙ። በ1957 ደግሞ ለወጣት ልጆቻቸው የሚሆን አላቲን የተባለ ቅርንጫፍ ተፈጠረ።

እንግዲህ እኅታችን፣ ባለቤትዎ እስኪፈቅዱ ድረስ መጠበቅ የለብዎትም። ቀድመው መሄድ የሚችሉት እርስዎ ነዎት። የባልዎን መጠጥ ያመጡት እርስዎ አይደሉም፤ በቁጥጥርም ሊያቆሙት አይችሉም። የራስዎን ኑሮ ግን ማቃናት ይችላሉ። በአካባቢዎ እንዲህ ያለ ማኅበር ከሌለ ችግሩን የምታውቅ አንዲት ጎረቤት ፈልገው በሳምንት አንድ ቀን ቡና አፍልታችሁ ብትጨዋወቱ መጀመሪያው ይህ ነው። ጨዋታው ሐሜት እንዳይሆን፣ ስለ ባሎቻችሁ ጥፋት ሳይሆን እናንተ ስላደረጋችሁትና ስለምታደርጉት ይሁን።

በቤት ውስጥም ሊደረጉ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ሰክረው በገቡበት ሰዓት ጭቅጭቅ አይጠቅምም፤ ነገሩ ጧት፣ አእምሮ በተረጋጋበት ጊዜ ይነሣ። ጠርሙስ መደበቅና መድፋት ሌላ ጠርሙስ ከማስገዛት አያልፍም። ሥራ ሲቀሩ ለአሠሪያቸው «አሟቸው ነው» ብሎ መዋሸት፣ የአረቄ ቤቱን ዱቤ ከቤት ወጪ ላይ ቀንሶ መክፈል በሽታውን ማስታመም ነው። ጠጪው ያመጣውን ጣጣ ራሱ ካላየው የመተው ምክንያት አያገኝም። ምክር ሲሰጡም «ተዉ እንጂ!» ከማለት ይልቅ ቀንና ቦታ የያዘ ነገር ይንገሯቸው፤ «ሐሙስ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከመጠጥ የተላቀቁ ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ እስከ በሩ አብሬዎት እሄዳለሁ» ይበሏቸው። ከተላቀቁት ሰዎች አንዱ ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ ቢወስዳቸው ደግሞ እጅግ የተሻለ ነው። አንዴ እምቢ ቢሉ ተስፋ አይቁረጡ፤ ጥያቄው ሳይጨቀጭቁ ሌላ ቀን ይደገም።

ይሁንና ትዕግሥት ወሰን አለው። ባል ሲጠጣ የሚደባደብ ከሆነ የሚቀድመው ስብሰባ ሳይሆን የሚስትና የልጆች ደኅንነት ነው። የሚጠጉበትን ዘመድ አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ለፖሊስና ለሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ነውር አይደለም። ስካር ለዱላ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ለልጆችም እንደ ዕድሜያቸው እውነቱ ይነገራቸው፤ «አባባ ታሟል፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም» የሚለው ቃል ለልጅ ትልቅ ዕረፍት ነው።

የምትጠጣዋ ሴትስ?

ስለ ባሎች ይህን ያህል ከተናገርን፣ በየጓዳው የሚጠጡ ሴቶችም መኖራቸውን መሸፈን አይገባም። ለኑሮዋ ስትል አረቄ የምታወጣና ጠላ የምትሸጥ ሴት ሲቀምሱ መዋልን ልትለምድ ትችላለች። ወንድ ቢሰክር «ጠጣ» ይባላል፤ ሴት ስትሰክር ግን ስሟ ይጠፋል። ስለዚህ ትደብቃለች። በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ሴት ከወንድ እኩል ብትጠጣ በደሟ ውስጥ የሚገኘው አልኮል ይበልጣል፤ ጉበቷም ቶሎ ይጎዳል። አልኮል ለጡት ካንሰር የመጋለጥን ዕድል ከፍ ያደርጋል፤ በእርግዝና ጊዜም ፅንሱን ይጎዳል። ለሴቶች ብቻ የሆኑ ስብሰባዎች በብዙ አገሮች የተቋቋሙት ሴቷ ሳትሸማቀቅ እንድትናገር ነው። ሚስት ባሏን እስከ በሩ እንደምትሸኝ፣ ባልም ሚስቱን ሊሸኝ፣ በዚያች ሰዓትም ልጆቹን ሊይዝ ይገባዋል።

የጎረቤት ድርሻ

በመጨረሻ ጉዳዩ የሚነካው የጠጪውን ቤት ብቻ አይደለም። እንግዳን «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያሉ ማስገደድ የፍቅር ባህላችን ነው። ለመተው ለሚታገል ሰው ግን ይህ ልመና ከጠላት ምክር የከፋ ነው፤ አርባ ቀንና ሃምሳ ቀን የተደከመበትን በአንዲት ብርጭቆ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ድግስ የምታዘጋጁ፣ ማኅበር የምታወጡና ለቅሶ የምታስተናግዱ ወይዛዝርት ሁሉ ከጠላውና ከጠጁ ጎን ብርዝ ወይም ሻይ አታጓድሉ። «አልጠጣም» ያለውን ሰው ለምን ብላችሁ አትጠይቁ፤ በሰው ፊትም አታመስግኑት፤ ያልሰከረውን ቀድታችሁ አሳልፉት። የእድር ዳኞችም ብትሆኑ የእድሩን ቤት በሳምንት አንድ ማታ ለእንዲህ ዓይነት ስብሰባ ብትፈቅዱ የሚጠፋባችሁ የአንድ አምፖል መብራት ነው። እድር ሰውን ሲሞት ለመቅበር ከተሰበሰበ፣ በሕይወት ሳለ ለማትረፍ ቢሰበሰብ ምን ይከፋዋል?